ከጎንሽ የምትሠራው ስንት ይከፈላታል?

በምትሠሪበት ቤት ፊሊፒናዊት ካለች፣ እኅቴ፣ ደመወዟን ጠይቂያት። እኛ የሰው ደመወዝ መጠየቅን እንደ ነውር ቆጥረን አድገናል፤ ቀጣሪዎች ግን ከዚህ ጨዋነታችን ብዙ አትርፈዋል። ያንኑ ሕፃን እያቀፋችሁ፣ ያንኑ ወለል እየወለወላችሁ የእሷ ከአንቺ በልጦ ብታገኚው አትደነቂ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የቤት ሠራተኛ ዋጋ ሲተመን የኖረው በሙያዋ ሳይሆን በፓስፖርቷ ነው።

ይህ ደግሞ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ፊሊፒንስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ለቤት ሠራተኛነት የሚሄዱ ዜጎቿ በወር ከ400 ዶላር በታች እንዳይቀጠሩ ወሰነች። ውሳኔው ብዙ ጊዜ ተጥሷል፤ ቢሆንም ፊሊፒናዊቷ ለድርድር ስትቀርብ የምትጠራው ቁጥር አላት። የእኛ መንግሥት በ2013 ጉዞውን ራሱን ከለከለ። ክልከላው በ2018 እስኪነሣ ድረስ ልጆቹ መሄዳቸውን አልተዉም፤ የከበረው ደላላው ነው። በደላላ ዕዳ ተይዛ የመጣች ሴት ስለ ዋጋ የምትከራከርበት አፍ ከየት ታመጣለች? ለእኔ የርካሽነታችን ሥር እዚህ ነው፤ የቀጣሪው ንቀት የተከተለው ከዚያ በኋላ ነው።

ያለሁት ዶሃ ስለሆነ የኳታርን ልንገርሽ። (ሪያድ ወይም ቤይሩት ላለሽው ሕጉ ሌላ ነው፤ በሁለቱም የቤት ሠራተኛ ከአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ውጭ ናት።) እዚህ ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ዝቅተኛው ደመወዝ ለየትኛውም አገር ዜጋ በወር 1,000 ሪያል ነው፤ ምግብና ማደሪያ ከዚያ ሌላ ነው። በ2017 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን፣ ሥራ ሲያበቃም ለእያንዳንዱ ዓመት የሦስት ሳምንት ደመወዝ ይሰጥሻል። ለኤጀንሲ ተከፈለ እየተባለ ከደመወዝሽ መቁረጥም ክልክል ነው። በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። የግቢውን በር የምትቆልፈው ማዳም ናት፤ ተቆጣጣሪ ማዕድ ቤት ድረስ አይመጣም።

ስለዚህ ማስረጃሽን አንቺው ያዢ። ደመወዜ በባንክ ይግባልኝ በዪ። በእጅ ከሆነ መክፈላቸውን የሚያረጋግጥላቸው የአንቺ ፊርማ ነውና ላልተቀበልሽው ገንዘብ አትፈርሚ። “አሁን ፈርሚ፣ በሚቀጥለው ወር አጠራቅሜ እሰጥሻለሁ” የሚል ቃል ስንቷን አስለቅሷል! የኮንትራትሽን ፎቶ አገር ቤት ለምታምኚው ሰው ላኪ። ፓስፖርትሽን መያዝ ቀጣሪውን እስከ 25,000 ሪያል እንደሚያስቀጣውም ዕወቂ።

ቤት ለመቀየር ከ2020 ወዲህ የቀጣሪ ፈቃድ አያስፈልግሽም፤ አስቀድመሽ ማስታወቅ ግን አለብሽ። ተናድደሽ በሌሊት ብትወጪ “ጠፋች” ብለው ያመለክቱብሻል፤ ተበዳይ ሆነሽ ሳለ ተከሳሽ ትሆኛለሽ። የሚመቱሽ ከሆነ ግን ቀን አትቁጠሪ፤ ውጪ። ስትወጪም የምታውቂያት ልጅ ቤት ገብተሽ አትደበቂ፤ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ኤምባሲያችን ሂጂ።