አክተሩ በማግስቱ እንዴት ተነሳ?

ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ። ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፍላችሁ፤ ጋቢዬን ደርቤ፣ ከሰሉን አጠገቤ አስጠግቼ። ብርዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

34 ዓመት ነርስ ነበርኩ። አብዛኛውን ዘመኔን ያሳለፍኩት አጥንቱ የተሰበረ ሰው በሚተኛበት ዋርድ ነው። የሰሜን ሸዋን ገደል በራሴ እግር ሳይሆን በበሽተኞቼ እግር ነው የማውቀው። ከጣርማ በር ቁልቁል መኪና ይዞት የተገለበጠ፣ ከመንዝ በቃሬዛ የመጣ፣ በቅሎ የጣለችው፣ ቆርቆሮ ሲመታ ከጣራ የወደቀ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ሌላ ሥራ ተገኘልኝ፤ ከልጅ ልጄ ጋር ፊልም ማየት።

ዛሬ ስለ ትምህርትና ስለ ጠባይ አልመክራችሁም። ያንን የሚመክራችሁ ሞልቷል። የምመክራችሁ ስለ ፊልምና ስለ ጌም ነው። "ጋሼ ደግሞ ስለ ጌም ምን ያውቃል?" የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ኮንትሮለሩን እኔ ስይዘው ሰውዬው ግድግዳ ሲገፋ ይውላል። የሚወድቅ ሰው ግን አውቃለሁ። (የፊልሞቹን ዓመት በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ እንዳትደናገሩ።)

ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ከተማው ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበር። አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ በሩ ላይ የተጋረደ ብርድ ልብስ። ብርድ ልብስ እንኳ አልቸገረንም፤ ፋብሪካው የራሳችን ነው። ልጄን ፍለጋ እገባና እኔው ቆሜ እቀራለሁ። የቤቱ ሕግ አንድ ነበር፦ አክተሩ አይሞትም። ቦሱ ይሞታል። የአክተሩ ጓደኛም ይሞታል፣ ያውም የልጁን ፎቶ ባሳየ በአምስት ደቂቃው። አክተሩ ግን ከሦስተኛ ፎቅ ዘሎ ይሮጣል።

አንድ ጠዋት ተረኛ ሆኜ አንድ ልጅ መጣ። 14 ዓመት ቢሆነው ነው። ማታ ፊልም አይቶ፣ ጠዋት ከውሃ ታንከር ማማ ላይ ዘሏል። በእግሩ ነው ያረፈው፣ ልክ እንደ አክተሩ። ሁለቱም ተረከዙ ተሰብሯል። ዶክተሩ እግሩን አይቶ ሲጨርስ እጁን ወደ ልጁ ወገብ ላከ። ለምን መሰላችሁ? ከከፍታ ወድቆ በእግሩ ያረፈ ሰው፣ ምቱ ተረከዙ ላይ አይቆምም። በእግሩ ሽቅብ ወጥቶ አከርካሪውን የሚያገኝበት ጊዜ አለ። ተረከዙ የተሰበረ ሰው ወገቡም ይታያል። የልጁ ወገብ ደህና ነበር። እሱ ግን የገረመው ሌላ ነገር ነው። "አክተሩ እኮ ሮጠ" አለኝ። ተናዶ ነው የነገረኝ፣ እንደተታለለ ሰው።

ደግነቱ መጀመሪያ ወጌሻ ቤት አልወሰዱትም። ወጌሻ አልንቅም፤ የወለቀ ትከሻ ወሬ እያወሩ የሚመልሱ አውቃለሁ። ነገር ግን በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ እግር ደም አጥቶ፣ ጠቁሮ ሲመጣም አይቻለሁ። እሱን ማየት አትፈልጉም።

ከዚያ ልጅ በኋላ ፊልም የማይበት ዓይን ተለወጠ። ምቱን ትቼ ማግስቱን ማየት ጀመርኩ። ሰውዬው ተመታ፣ እሺ። በማግስቱስ? ያነክሳል? ጫማውን ጎንበስ ብሎ ያስራል ወይስ ሰው ያስርለታል? የፊልሙ ሠሪ ማግስቱን ካስታወሰ፣ ሌላውንም ነገር አስቦበታል ማለት ነው። እስካሁን ብዙም አላሳፈረኝም ይህ መለኪያ።

በቅርቡ አራቱንም ጆን ዊክ በተርታ አየናቸው። ወደድኳቸው፣ አትገረሙ። ዳይሬክተሩ ቻድ ስታሄልስኪ ራሱ በስታንት ሥራ፣ ማለትም በአክተሩ ምትክ በመውደቅና በመመታት፣ ያደገ ሰው ነው። በ1999 በወጣው ማትሪክስ ላይ በኪያኑ ሪቭስ፣ በዚሁ በጆን ዊክ አክተር፣ ምትክ ሆኖ የሚመታው እሱ ነበር። መውደቅን ከመሬቱ በኩል ያውቀዋል። በመጀመሪያው ፊልም ላይ ሰውዬው ሆዱን ይጎዳል፤ ሐኪም ይሰፋዋል፤ ተመልሶ ድብድብ ይገባል። መጨረሻ ላይ የእንስሳት ክሊኒክ ሰብሮ ገብቶ ቁስሉን ራሱ ይገጥማል። እዚህ ላይ ከሶፋው ተነስቼ አጨበጨብኩ። ንጽህናው ዜሮ ነው! ግን ቁስል እንዳለበት አልረሱም። ሦስተኛው ላይ ከሆቴል ጣራ ወድቆ በሕይወት ሲገኝ ግን ተጣላን። በአራተኛው፣ በ2023ቱ፣ ፓሪስ ሞንማርትር ያለውን 222 ደረጃ እየተዋጋ ይወጣል። ሊጨርሰው ጥቂት ሲቀረው ይመታና እስከ ታች ይንከባለላል። የልጅ ልጄ በሳቅ ፈነዳ። እኔ መቁጠር ጀመርኩ፦ የጎድን አጥንት፣ አንጓ፣ ትከሻ፣ ጭንቅላት። አልጋ አዘጋጀሁለት። እሱ አቧራውን ሳያራግፍ ተመልሶ ወጣ።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ሚሽን ኢምፖሲብል ነው፣ የ2018ቱ ፎልአውት። ቶም ክሩዝ ለንደን ውስጥ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ይዘላል። እግሩ ከግድግዳው ጋር ይጋጫል። ቁርጭምጭሚቱ የምር ተሰበረ። ሰውዬው ተንጠላጥሎ ወጣ፣ ካሜራውን እያነከሰ አለፈ። ያ ቀረጻ እንዳለ ፊልሙ ውስጥ ገብቷል። ሪሞቱን ቀምቼ አምስት ጊዜ አስመለስኩት። እናንተም መልሳችሁ እዩት። ተዋናይ ሲያነክስ እግሩን ይጎትታል። የተሰበረ ሰው ግን እግሩን ከመሬት ይሰርቃል፤ ነካ አድርጎ ያነሳዋል። ከዚያ በኋላ ቀረጻው ለሳምንታት ቆመ። የዓለም ኮከብ ቢሆንም አጥንቱ ቀኑን ሳይቆጥር አይገጥምም።

እግረ መንገዴን፣ ለእነዚያ ለሚወድቁት ሰዎች እዘንላቸው ነበር። ስማቸው መጨረሻ ላይ በደቃቅ ፊደል ያልፋል፣ ያኔ ደግሞ ሁሉም ተነስቶ ሄዷል። ኦስካር መሰጠት የጀመረው በ1929 ነው። ለስታንት ሥራ ራሱን የቻለ ሽልማት እንዲኖር የተወሰነው በ2025፣ እሱም ከ2027 ፊልሞች ጀምሮ ነው። መቶ ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው? የነርስም ነገር እንዲሁ ነው፤ ዝም ልበል።

ፊልም ላይ ያለው ሕክምናማ አይነሳ። ጥይቱን አውጥቶ ሳህን ላይ ቅጭል የሚያደርገው ዶክተር አለ፤ ብዙ ጊዜ ጥይቱ ባለበት ይተዋል፣ የሚገድለው ደሙ ነው። ሞኒተሩ ላይ መስመሩ ቀጥ ሲል በኤሌክትሪክ የሚያነሱትም አሉ። ቀጥ ያለ መስመር በኤሌክትሪክ አይመለስም፤ ደረት ነው የሚጫኑት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። በአንድ ቡጢ ግማሽ ሰዓት ራሱን ስቶ፣ ኋላ ማጅራቱን እያሻሸ የሚነሳው ዘበኛስ? ግማሽ ሰዓት ራሱን የሳተ ሰው ለእኛ ሪፈር ተጽፎለት፣ በአምቡላንስ 130 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ነው።

ድራማ ላይ ስንመጣ እናንተ ትቸኩላላችሁ። "ይጎትታል" ትላላችሁ። በ2025 የወጣውን የእንግሊዝ ተከታታይ፣ አዶለሰንስን፣ የልጅ ልጄ ሁለተኛው ክፍል ላይ ሊዘጋው ነበር። ከለከልኩት። አራት ክፍል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ካሜራው አንዴ ሳይቆረጥ የተቀረጸ ነው። የ13 ዓመት ልጅ የትምህርት ቤት እኩያውን ገድለሃል ተብሎ ይያዛል። ፖሊስ በር ሰብሮ ሲገባ ልጁ ሱሪው ላይ ይሸናል። ይህን የጻፈ ሰው ፍርሃት ምን እንደሚያደርግ አይቷል። የመጨረሻው ክፍል ከ13 ወር በኋላ ነው። ማሳደድ የለም፣ ደም የለም። የአባትየው ልደት ነው። ቫኑ ላይ የተጻፈበትን ስድብ ሊያጥብ ይሞክራል፣ አልለቅ ይለዋል። ለቀለም ወደ ሱቅ ይነዳል። በቃ፣ ይኸው ነው ታሪኩ። እኔ አልቅሻለሁ። የልጅ ልጄ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አስቀመጠው። ለሱ ያ ትልቅ ነገር ነው።

የእኛንም አልረሳሁም። የያሬድ ዘለቀ "ላምብ" በ2015 ካን ፌስቲቫል የደረሰ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ልጅ ከአንዲት በግ ጋር ዘመድ ቤት ይቀመጣል፤ አጎቱ በጓን ለበዓል ሊያርዳት ያስባል። መንዝ ያደገ ሰው ይህን ፊልም ቁጭ ብሎ ማየት ይከብደዋል። የበጓን ዓይን ያውቀዋላ።

አሁን ጌም። ፊፋ ላይ አስተያየት የለኝም፤ ሁሌ እሸነፋለሁ። ስሙ ከ2023 ጀምሮ ኤፍሲ ተብሏል ይላሉ፣ ፕሌይስቴሽን ቤቱ በር ላይ ግን ዛሬም ፊፋ ነው። ፐብጂን፣ የተኩሱን ጌም፣ ግን መጀመሪያ ጠልቼው ነበር። ምክንያት ነበረኝ። በእኛ 2014 ኅዳር ላይ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሶ፣ ሰው ሁሉ ወደ ደብረ ብርሃን ሲሸሽ፣ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ቁስል የማጠብ ሥራ ነበር፣ ቀንና ሌሊት። ሰው ከተጠለለበት ግቢ አንዱን ልጅ ጥግ ይዞ ፐብጂ ሲጫወት አገኘሁት። የተኩስ ድምፅ ከስልኩ ይወጣል። ደሜ ፈላ። "አንተ ልጅ፣ የሸሸኸው ከዚሁ አይደል እንዴ?" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። "እዚህ ኖክ ብሆን ጓደኛዬ ያነሳኛል" አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። አስረዳኝም፦ ኖክ ማለት ተመትቶ መውደቅ ነው፤ የወደቀውን ጓደኛ ሄደህ ታነሳዋለህ፤ ፋሻ ብቻውን ጤናህን ከ75 በላይ አያደርስልህም። ፋሻ እንደማያድን ያወቀ ሰው ነው የሠራው አልኩ በሆዴ።

ካየኋቸው ሁሉ የያዘኝ ግን ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ነው። በ2018 የወጣ ነው፣ ለእናንተ አሮጌ ነው። የልጅ ልጄ ፕሌይስቴሽኑ ከውጭ የተላከለት ነው፣ ጌሙም አብሮ መጣ። ያልተጫወታችሁ ይህን ዝለሉት። አክተሩ አርተር ሞርጋን ወንበዴ ነው፣ የአራጣ ብድር ይሰበስባል። አንድ የታመመ ባለዕዳ ይደበድባል። ሰውዬው ሲያስለው ደሙ አርተር ፊት ላይ ይረጫል። ምንም አይሆንም፤ ጨዋታው ይቀጥላል። ብዙ ሰዓት ቆይቶ ግን አርተር ማሳል ይጀምራል። ፊቱ ይከሳል። ዓይኑ ይጎደጉዳል። ማግስቱን እንዲህ አርቆ ያስቀመጠ ጌም አላየሁም።

ይህን ሁሉ የልጅ ልጄ ኋላ ነው ያስረዳኝ። እኔ ነገሩን ያገኘሁት በጆሮዬ ነው። ሌሊት ሰባት ሰዓት አካባቢ ተኝቼ ሳል ሰማሁ። ያንን ሳል አውቀዋለሁ፤ ቲቢ ክፍል አጠገብ ዓመታት አሳልፌአለሁ። ከአልጋዬ ዘልዬ፣ ባዶ እግሬን ልጁ ክፍል ገባሁ። "ማነው የሚያስለው?"

"አርተር ነው አባባ።" ወደ ቴሌቪዥኑ አሳየኝ። ሰውዬው ፈረስ ላይ ሆኖ ጎንበስ ብሎ ያስላል።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ቆይቷል። ይድናል?"

"እዚያ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?"

"1899።"

ዛሬ ቢሆን የስድስት ወር መድኃኒት ነው አልኩት። የመጀመሪያው ፍቱን መድኃኒት ስትሬፕቶማይሲን ነበር፣ የተገኘውም በ1943። ልጁ በጣቱ ቆጠረ፣ ቀስ ብሎ።

"44 ዓመት ይጠብቅ ማለት ነው?"

"ለጊዜው ከፈረሱ አውርደው" አልኩት።

አወረደው።