ጆሮ ገብ ወሬ ፍለጋ፦ የፖድካስት ጥያቄዎቻችሁ

ከሁለት ሳምንት በፊት እዚሁ አምድ ላይ አንዲት ነገር ጣል አድርጌ ነበር። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሬ ስሄድ ፖድካስት እየሰማሁ ነበር። የራስ መኮንን ድልድይን እንዴት እንደተሻገርኩ አላስታውስም። ፒያሳ ስደርስ ደግሞ ለምን እንደመጣሁ ጠፋኝ። ቤት ገብቼ ነው ትዝ ያለኝ፤ የሰዓቴን ባትሪ ለማስቀየር ነበር። ሰዓቷ እስከ ዛሬ እንደቆመች ናት።

በዚህች ነገር የተነሳ ጥያቄ ጎረፈልኝ። የተወሰኑትን አሳጥሬ አቀርባቸዋለሁ።

«ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ልጆቼ ጠዋት ማታ ፖድካስት ይላሉ። ጠጋ ብዬ ሳየው ሁለት ሰው ተቀምጦ ያወራል። ይህ ሬዲዮ አይደለም ወይ? ጊዜ የሚሰጡትስ ነገር ነው?» (ከስድስት ኪሎ)

ጋሼ፣ ግማሽ ልክ ነዎት። ልዩነቱ ሰዓቱ የማን ነው የሚለው ላይ ነው። ሬዲዮ አይጠብቅዎትም። ፕሮግራሙ ሲጀምር ውኃ መጣች ተብሎ ጀሪካን ይዘው ከሮጡ አመለጠዎት ማለት ነው። ፖድካስት ግን ተቀድቶ የተቀመጠ ነው። አቁመውት ውኃዎን ቀድተው ይመለሳሉ።

ስሙ የመጣው ከሁለት ቃል ነው። አይፖድ የምትባለዋን የአፕል ሙዚቃ ማጫወቻ እና ብሮድካስት (ስርጭት) የሚለውን ቃል አጣብቀው ነው የሠሩት። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነው በጋዜጣ ላይ የጻፈው። በዓመቱ አፕል ራሱ ፖድካስትን አይቲውንስ ወደሚባለው የሙዚቃ ፕሮግራሙ አስገባ፤ ስሙም ጸና። አሁን ዩቲዩብ ላይ በካሜራ የተቀረጸውንም ሁሉ ፖድካስት እንለዋለን። አንዳንዱ ሰው በዚህ ይናደዳል። እኔ አልናደድም።

ማዳመጥን ደግሞ እርስዎን ማን ያስተምርዎታል? ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ትውልድ ነዎት። መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። ስንቱ ሰው ግን ገጹን ሳይገልጥ በወጋየሁ ድምፅ ብቻ ጨርሶታል! ያ ትረካ ዛሬ ቢጀመር በየስልካችን እየጫንን የምንሰማው ነበር።

ጊዜ ይሰጠዋል ወይ ላሉት፣ አንድ መለኪያ አለኝ። ቀን የሰማሁትን ማታ ለሰው መልሼ ካወራሁት፣ ሰምቼዋለሁ። ካላወራሁት ጆሮዬ ብቻ ነው የሠራው።

«የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አማርኛ ፖድካስት ስፈልግ የሚመጣልኝ ሁሉ አንድ ነው። ትልቅ ማይክ፣ ሁለት ሶፋ፣ "እንዴት ሚሊየነር ሆንኩ"። እኔን የሚስብ እንዴት ነው የማገኘው?» (ከካዛንቺስ)

እህቴ፣ ሳቄን አመጣሽው። እኔም እዚያው ሶፋ ላይ ተጣብቄ ከርሜያለሁ። ሁሉም ሰው የሚያወራለት አንድ ፕሮግራም ነበር። «አልሰማህም እንዴ?» ስባል ማፈር ጀመርኩና አራት ወር ሙሉ ተከታተልኩት። አንድ ቀን ጓደኛዬ «እስኪ ምን ተማርክበት?» አለኝ። ብዬ ብዬ የመጣልኝ የአፓርታማ ማስታወቂያው ብቻ ነው። እሱን ከነካሬ ሜትሩ በቃሌ ይዤዋለሁ።

ጥፋቴ የሰው ምርጫ መከተሌ ነበር። «ምርጥ ፖድካስት» ብለሽ ከፈለግሽ የሚመጣልሽ የበዛ ሰው ያየው ነው። ላንቺ የሚሆነው ግን አይደለም። ስለዚህ ከራስሽ ጀምሪ። ቡና ላይ ስትቀመጪ ሳታስቢው የምትከራከሪበት ነገር ምንድነው? የአድዋ ታሪክ ነው? ኳስ ነው? ልጅ ማሳደግ ነው? የድሮ ዘፋኞች ነገር ነው? እሱን ጽፈሽ ፈልጊ። «ፖድካስት» የሚለውን ቃል ጭራሽ ባትጨምሪውም ይሻላል፤ ያ ቃል ነው ወደ ሶፋው የሚመልስሽ።

ሁለተኛ፣ ከአዘጋጁ ይልቅ እንግዳውን ተከተይ። አንድ ሐኪም ወይም አንድ የታሪክ ሰው ሲያወራ ከጣመሽ ስሙን ያዢ። ሌላ ቦታ የት እንደቀረበ ፈልጊ። እኔ የምወዳቸውን ያገኘሁት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው።

ሦስተኛ፣ ከመሀል ቅመሺው። ሃያኛው ደቂቃ ላይ ዝለይና ሁለት ደቂቃ ስሚ። አሁንም እየተመሰጋገኑ ከሆነ ተይው። ለቅሶ ቤት አይደለሽም፤ ተነሥተሽ ብትወጪ የሚቀየምሽ የለም። ብዙ ሰው የጀመረውን ካልጨረሰ ኃጢአት የሠራ ይመስለዋል። እኔ ከጀመርኳቸው አብዛኞቹን አልጨረስኩም፤ ደህና ነኝ።

ከየት ልጀምር ካልሽኝ፣ የኛ ሰው ፖድካስት የሚለውን ስም ሳይሰማ በፊት የሠራውን አትናቂ። ሸገር 102.1 ላይ መዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ» ብላ የምታቀርበው ረጅም ወግ አለ። አንዱን እንግዳ በሳምንታት ከፋፍላ ነው የምታስወራው። እንግዳው ዝም ሲል እሷም ዝም ትላለች። አሁን ያሉት ወጣት አዘጋጆች ይቺን ዝምታ ቢማሩልኝ ምን ነበረበት። እንግዳው ትንፋሽ ሲወስድ «ዋው!» ይሉበታል እኮ። ትረካ ከወደድሽ ደግሞ እዚያው ሸገር ላይ የእሸቴ አሰፋ «መቆያ» አለልሽ። ልብስ ስታጥቢ ከከፈትሽው ልብሱ አልቆም አትነሺም።

እሱም አንድ ነገር ነው፤ እጅሽ ምን እየሠራ እንደሆነ እያየሽ ምረጪ። ለእጥበትና ለሽንኩርት ከተፋ ረጅም ትረካ። ለታክሲ ሰልፍ አጭር ነገር። እንቅልፍ እምቢ ላለሽ ሌሊት አንዴ የሰማሽውን፣ ድምፁ የለመደሽን። ሒሳብ ስትዘጊ ግን ምንም አትክፈቺ። ይህንን ለመሥሪያ ቤትሽ ብዬ ነው።

«ከአያት ሜክሲኮ በባቡር ነው የምመላለሰው። ዩቲዩብ ላይ ከሰማሁ ፓኬጄ ሳምንት አይደርስም። ስክሪኑን ሳጠፋው ደግሞ ድምፁም ይጠፋል። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ አንተ የምትሰማው ድምፅ ነው፤ የምትከፍለው ግን ለምስሉ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። ንግግር በሰከንድ በ64 ኪሎቢት ጥራት ከተቀዳ በሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ነው። በ128 ኪሎቢት ቢሆን 58 ገደማ። ቪዲዮው ግን ጥራቱ ከፍ ካለ በሰዓት ብዙ መቶ ሜጋባይት ይበላሃል። ስክሪን ሲጠፋ የሚዘጋው ደግሞ ዩቲዩብ ያንን አገልግሎት ለሚከፍሉት ስላደረገው ነው፤ ስልክህ አልተበላሸም።

የፖድካስት መተግበሪያ ጫን። ጉግል ፖድካስትስ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2024 ተዘግቷል፤ እሱን አትፈልግ። ለአንድሮይድ አንቴናፖድ አለ። ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም። አይፎን ከሆነ አፕል ፖድካስትስ አብሮት ይመጣል። ቅንብሩ ውስጥ ገብተህ «በዋይፋይ ብቻ አውርድ» የሚለውን አብራ። ማታ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርደህ ጠዋት ባቡሩ ውስጥ ዳታህን አጥፍተህ ትሰማለህ። የቢሮ ዋይፋይ ከሆነ አለቃህን አይተህ።

አማርኛዎቹ ሁሉ እዚያ አይገኙም። ብዙ አዘጋጆች ግን የራሳቸው የቴሌግራም ቻናል ላይ ድምፁን ብቻ ይለጥፋሉ። እሱንም እይ።

«አባቴ 78 ዓመታቸው ነው። ጋዜጣ ከእጃቸው አይጠፋም ነበር፤ አሁን ዓይናቸው ደከመ። ስማርት ስልክ ገዛንላቸው። ጣታቸው ያልፈለጉትን እየነካ ይናደዳሉ። ፖድካስት የሚሰሙበት ሌላ መንገድ አለ?» (ከአራት ኪሎ)

ስልኩን ውሰጅባቸውና ለራስሽ ያዢው። ፍላሽ የምትቀበል ትንሽ ሬዲዮ ግዢላቸው። መርካቶ ኤሌክትሮኒክስ ቤቶች ውስጥ ሞልታለች። ስትገዢ ጌጧን አትዪ፣ ቁልፎቿን ዳብሺ። ትልልቅና ጎላ ጎላ ያሉ ይሁኑ።

ለአጎቴ ያደረግነውን ልንገርሽ። አሥራ አምስት ወግ ፍላሹ ላይ ጫንንለት። መጀመሪያ ሁሉንም በአንድ ላይ ገለበጥንና ሬዲዮዋ ክፍል ሦስትን ከክፍል አንድ አስቀድማ ታጫውት ጀመር። እንዲህ ያሉ ርካሽ ሬዲዮኖች ብዙ ጊዜ ፋይሉን በተገለበጠበት ቅደም ተከተል ነው የሚያነቡት። ስለዚህ አንድ በአንድ፣ በተራ ገልብጪ። ስማቸውንም 01፣ 02 እያልሽ ጀምሪ። ከዚያ ማጫወቻው ቁልፍ ላይ የቁስል ፕላስተር ቁራጭ ለጠፍንለት። በጣቱ ሲዳብስ ያገኛታል። መብራት ቢጠፋም ያገኛታል።

ምን ልጫንላቸው ካልሽ፣ በእሳቸው ዕድሜ ያሉ ሰዎች የሚያወሩትን። አጎቴ ሬዲዮኑን ይሟገተዋል። «ውሸት! እኔ እዚያው ነበርኩ!» ይላል። ቀጥሎ ስንሰበሰብ እኛ የማናውቀውን የራሱን ታሪክ ይጀምራል። አንቺም ስልክሽን አዘጋጂና ቅጂያቸው።

«እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስድ ነበር። አንድ ፖድካስት ላይ የቀረበ ሰው "መድኃኒት አያስፈልግም፣ በምግብ ይድናል" ሲል ሰምታ አቆመች። ደህና ነኝ ትላለች።»

ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ሳትጨርሺ እናትሽን ሐኪማቸው ጋ ውሰጂያቸው። የደም ግፊት ሳይታከም ሲቀር ብዙ ጊዜ ምንም ሕመም አይሰማም። ስለዚህ «ደህና ነኝ» ማለታቸው ምንም አይነግርሽም። የሚናገረው መለኪያው ነው። ጨው መቀነስና በእግር መሄድ ይጠቅማል፤ መድኃኒቱን የሚቀንስ ወይም የሚያቆም ግን ሐኪሙ ነው። ግፊት ካልተያዘ ስትሮክ ያመጣል፣ ኩላሊትም ይጎዳል።

ማይክ ፊት የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚናገረውን ያውቃል ማለት አይደለም። ጤናና ገንዘብ ላይ ሁለት ነገር ጠይቁ። ሰውየው በምን ሙያ ነው የሚናገረው? መጨረሻ ላይ የሚሸጠው ነገር አለ? ዱቄቱና ሻዩ ከመጣ መልሱን አገኛችሁ።

«ባሌ ኤርፎኑን አያወልቅም። እራት ላይ እንኳ አንድ ጆሮው ውስጥ አለ። "እየሰማሁሽ ነው" ይላል። ምን ይሻለኛል?» (ከሜክሲኮ)

እሱ እየሰማሽ አይደለም። እኔ በዚያ ጥፋት ስለተያዝኩ ነው የማውቀው። ፈተናው ቀላል ነው። በዚያው ድምፅሽ «ቤቱን ሸጥኩት» በይው።

ፍቅር ያለበት ሌላ መንገድም አለ። የሚሰማውን ከኤርፎኑ አውጥቶ ሳሎን ውስጥ በስፒከር እንዲከፍተው ጠይቂው። የማይከፈት ዓይነት ከሆነ ሌላ ወሬ ነው። ጤናውንም አንሺበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ገደብ በ80 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ሰዓቱ በፍጥነት ያጥራል። መንገድ ላይ ደግሞ አንዱን ጆሮ ክፍት ያድርግ። የመኪና ክላክስ እኮ ላፍታ ቆም አይደረግም።

«እንግሊዝኛዬን ለማሻሻል የትኛውን ልስማ?» (ከለገሃር)

ቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ የሚያወጣው፣ እያንዳንዱ ክፍል ስድስት ደቂቃ ገደማ የሆነ ፕሮግራም አለ። ስሙም «6 Minute English» (ስድስት ደቂቃ እንግሊዝኛ) ነው። የተባለው ሁሉ ድረ ገጹ ላይ ተጽፎ ይገኛል። መጀመሪያ ሳታይ ስማ፣ ከዚያ እያነበብክ ስማ፣ በማግስቱ ሳታይ ድገመው። አንዱን ክፍል ሦስቴ መስማት አሥር ክፍል አንድ አንዴ ከመስማት ይሻላል። ሁለት ሰዓት የሚያወሩ የአሜሪካ ኮሜዲያኖችን ለጊዜው ተዋቸው፤ እነሱ የሚሳሳቁበትን እኔም አልደረስኩበትም።

«የራሴን ፖድካስት ልጀምር ነው። ማይክ ብቻ ስንት ብር እንደሆነ ሳየው ደነገጥኩ።»

አትግዛ። ስልክህ ይበቃሃል። ችግሩ ማይኩ አይደለም፣ ባዶ ክፍል ነው። ግድግዳው ድምፅህን ይመልሰዋል፤ ጉድጓድ ውስጥ ያለህ ያስመስልሃል። ልብስ የሞላበት ቁም ሳጥን ክፈትና ፊትህን ወደ ልብሱ አዙረህ ቅዳ። ጋቢም ከላይ ጣል ብታደርግ ጥሩ ነው። ልብስ ድምፅ ይውጣል።

እናትህ በሩን ከፍተው «አንተ ልጅ፣ ከኮት ጋር ነው እንዴ የምታወራው?» ቢሉህ ቆርጠህ እንዳታወጣው። ያቺን ክፍል ላክልኝ፣ ሙሉውን እሰማዋለሁ።