ስለ ፋርማሲስት ሥራ ለጠየቃችሁኝ

ረጅም ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ በፋርማሲስትነት ሠርቻለሁ፤ አሁን ደግሞ በፋርማሲ አሠራር ላይ ጥናት እሠራለሁ። ስለ ሙያው የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት ከደረሱኝ ጥያቄዎች የቻልኩትን መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ሐኪም የጻፈውን አንብቦ ከመደርደሪያ ማውረድ ነው ሥራችሁ። ለዚህ ይህን ያህል ዓመት መማር ምን ያደርጋል?

በመስኮቱ በኩል የሚታየው ይኸው ስለሆነ ጥያቄው አያስከፋኝም። ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት አለ። ለሩማቶይድ አርትራይተስ፣ መገጣጠሚያን ለሚያሳብጠው በሽታ፣ ሲታዘዝ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በስሕተት በየቀኑ ከተወሰደ አፍ ያቆስላል፣ መቅኔ ያዳክማል፣ ሕይወትም ያጠፋል። አንድ ቀን «በየቀኑ» የሚል ማዘዣ እጄ ገባ። «እናቴ፣ እስከ ዛሬ እንዴት ነበር የሚወስዱት?» አልኳቸው። «ሰኞ ሰኞ ነበር፤ አሁን ግን በየቀኑ ነው ተባልኩ» አሉኝ። ሐኪሙ ጋ ደወልኩ፤ ወዲያው አስተካከለው። እሳቸው ምን እንደተረፉ እንኳ ሳያውቁ መድኃኒታቸውን ይዘው ሄዱ። የተማርነው ለዚያች አንዲት ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ ድሮም እንዲህ ነበር?

አልነበረም። ቀድሞ ፋርማሲስቱ መድኃኒቱን በራሱ እጅ ይቀምም ነበር። ፋብሪካዎች ሲስፋፉ ቅመማው ከእጁ ወጣ፤ መቁጠርና ማሸግ ቀረለት። ሙያው ራሱን ከዚያ ለማውጣት ብዙ ለፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1990 የፋርማሲ ምሁራኑ ቻርልስ ሄፕለርና ሊንዳ ስትራንድ ያወጡት ጽሑፍ ሐሳቡን አጠራው፦ ፋርማሲስቱ ኃላፊነቱ መድኃኒቱን አስረክቦ አያበቃም፣ ታካሚው በመድኃኒቱ ለሚያገኘው ውጤትም ይጠየቃል። ዛሬም አብረውኝ ለሚሠሩት የማነሣላቸው ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ ጥሩ ይመስላል፤ ግን ፋርማሲስት ስለተጨመረ ታካሚ እንደሚጠቀም ማስረጃ አለ?

አለ፤ ግን ሁሉም አያስደስትም።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ፋርማሲስት ከሐኪሞች ጋር በጽኑ ሕሙማን ክፍል አብሮ ሲዞር ምን እንደሚለወጥ አየ። ከማዘዝ ስሕተት የሚመጣው፣ ሊቀር ይችል የነበረው የመድኃኒት ጉዳት በ66 በመቶ ቀነሰ። ፋርማሲስቱ ከመሬት በታች ካለ ክፍል ስልክ የሚጠብቅ ሳይሆን ውሳኔው ሲወሰን እዚያው የቆመ ሰው ስለሆነ ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የሎስ አንጀለስ ጥናት ነው። የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ 319 ጥቁር ወንዶችን በ52 ፀጉር ቤቶች አሳተፈ። በአንዱ ወገን ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ይመክራል፣ ሐኪም ዘንድ እንዲሄድም ይገፋፋዋል። በሌላው ወገን ፋርማሲስቱ ራሱ ፀጉር ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ ከደንበኛው ሐኪም ጋር በተስማማበት መንገድ መድኃኒት ያዝዛል፣ ይከታተላል። በ6 ወር ውስጥ የላይኛው የግፊት ቁጥር በመጀመሪያው ወገን በ9 ገደማ ሲወርድ፣ በሁለተኛው በ27 ወረደ። ሰዎቹ ወደ ፋርማሲው አልተጠሩም፤ እሱ ነው የሄደላቸው።

አሁን ወደሚመረው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ዕድሜያቸው ከ80 በላይ የሆኑ፣ ከሆስፒታል የወጡ 872 ሰዎችን ይዞ ነበር። ለግማሾቹ ፋርማሲስት ቤታቸው ድረስ እየሄደ መድኃኒታቸውን መረመረ። ተመልሶ ሆስፒታል መግባት ይቀንሳል ተብሎ ሲጠበቅ በ30 በመቶ ጨመረ። አጥኚዎቹ ውጤቱን ሳይሸሽጉ ማውጣታቸውን አከብራለሁ። መልካም ሐሳብ ሁሉ መልካም ውጤት እንደማያመጣ የነገረን እንዲህ ያለው ጥናት ነው።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴን በፋርማሲ አሠራር ላይ ልሠራ አስቤያለሁ። ምን ትመክረኛለህ?

ወንድሜ፣ «ታካሚዎቹ በአገልግሎቱ ረክተዋል» በሚል መጠይቅ ብቻ አትቁም። ግፊቱ ወርዷል? መድኃኒቱን በትክክል ወስዷል? ስሕተቱ ቀንሷል? እነዚህን ለካ። ሌላው፦ ሁለት አሠራር ልታወዳድር ከሆነ በአንድ ፋርማሲ ያሉ ታካሚዎችን ለሁለት አትክፈል። አዲሱን ምክር የሠለጠነ ፋርማሲስት ለቀጣዩ ታካሚ ሲሆን የተማረውን ሊረሳው አይችልም፤ ምክሩ ወዲያ ወገን ይፈስሳል። ስለዚህ ፋርማሲዎቹን እንዳሉ በዕጣ መድብ። ይህን ያልተማከረ ጥናት ልፋቱ ብዙ ሆኖ ልዩነት አላገኘሁም ብሎ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ፋርማሲስት ማዘዝ ይችላል? ሐኪሞችስ አይከፋቸውም?

እንደየአገሩ ሕግ ነው። በእንግሊዝ ሥልጠናውን የጨረሰ ፋርማሲስት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በራሱ ኃላፊነት ማዘዝ ይችላል። ሐኪሞቹን በተመለከተ፣ እኔ ያየሁት መጀመሪያ ላይ ጥርጣሬ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ «ዛሬ ለምን አልመጣህም?» የሚል ስልክ ነው።

ጥያቄ፦ ማሽን አይተካችሁም?

ቆጠራውን ይተካ፤ ደስ ይለኛል። ጊዜው ለታካሚው ይተርፈኛል።

ጥያቄ፦ እኔ ታካሚ ነኝ። ፋርማሲስቴን እንዴት ልጠቀምበት?

የሚወስዱትን ሁሉ፣ ቫይታሚኑንም ባህላዊውንም ሳይቀር፣ በአንድ ከረጢት ይዘው ይሂዱና ጠረጴዛው ላይ ይዘርግፉት። አንዲት ሴት የታይሮይድ መድኃኒቷን ሌቮታይሮክሲን በሥርዓት እየወሰደች የደም ምርመራዋ አልስተካከል ብሏት መጣች። ከከረጢቷ ውስጥ የአይረን እንክብል ወጣ፤ ሁለቱንም ጠዋት ጠዋት በአንድ ጉርሻ ትውጣቸው ነበር። አይረኑ ሌቮታይሮክሲኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። በመካከላቸው 4 ሰዓት እንድታደርግ ነገርኳት፤ ለሐኪሟም አሳወቅኩ። የመድኃኒቱ መጠን ሳይጨመር በሚቀጥለው ምርመራ ቁጥሩ ተስተካክሎ መጣ።