የዳዮድና የሬዚስተር ሰርኪዩት በሎድ ላይን፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። 5 ቮልት ምንጭ፣ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና አንድ 1ኤን4148 ዳዮድ በተከታታይ ተያይዘዋል። ሎድ ላይኑን ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሎድ ላይን ምንጩና ሬዚስተሩ ለእያንዳንዱ የዳዮድ ቮልቴጅ የሚፈቅዱትን ከረንት የሚያሳይ መስመር ነው፤ ከሁለቱ ጫፎቹ ይጀምሩ። ከረንት ከሌለ 5 ቮልቱ በሙሉ ዳዮዱ ላይ ያርፋል፤ ይህ በአግድሙ ዘንግ ላይ ይቀመጣል። የዳዮዱ ቮልቴጅ ዜሮ ቢሆን ደግሞ 5 ቮልት ለ1 ኪሎ ኦም ተካፍሎ 5 ሚሊ አምፒር ይሰጣል፤ ይህ በቁሙ ዘንግ ላይ ነው። ሁለቱን በማስመሪያ ሲያገናኟቸው መስመሩ የዳዮዱን ኩርባ (የራሱን የቮልቴጅና የከረንት ግራፍ) 0.7 ቮልትና 4.3 ሚሊ አምፒር አካባቢ ያቋርጠዋል፤ ሰርኪዩቱ የሚሠራው እዚያ ነጥብ ላይ ነው። መስመሩ የምንጩና የሬዚስተሩ ነው እንጂ የዳዮዱ አይደለም፤ ይህን አደራ።

ጥያቄ፦ ዳዮዴ ይሞቃል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ የትኛው ዳዮድ? ስንት ቮልት? ስንት ኦም? እነዚህ ሳይጠቀሱ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ በ1.5 ቮልት ባትሪና በ1 ኪሎ ኦም፣ የዳዮዱ ዳታሺት (የአምራቹ መግለጫ ወረቀት) ላይ ባለው ግራፍ በማስመሪያ አስምሬ 0.25 ሚሊ አምፒር አገኘሁ። ሜትሩ ግን 0.9 ያሳያል። ዳዮዱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ዳዮዱ ደህና ነው፤ ስሕተቱ የማስመሪያው ነው። ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በዳታሺቱ ግራፍ ላይ የከረንቱ ዘንግ በእኩል ርቀት ሳይሆን በሎጋሪዝም የተከፈለ ስለሆነ፣ ከ0.1 እስከ 1 ያለው ርቀት ከ1 እስከ 10 ካለው ጋር እኩል ነው፤ ዜሮ የሚባል ቦታም የለውም። እርስዎ የታችኛውን ጠርዝ ዜሮ ብለው ወስደውታል። እዚያ ወረቀት ላይ የእርስዎ ሎድ ላይን ራሱ ጎባጣ ነው፦ በ0.5 ቮልት 1 ሚሊ አምፒር፣ በ1 ቮልት 0.5፣ በ1.4 ቮልት 0.1፣ በ1.49 ቮልት 0.01 እያለ ሄዶ 1.5 ቮልት ሲደርስ እንደ ገደል ቁልቁል ይወርዳል። ወይ እነዚህን ነጥቦች በእጅዎ ያገናኙ፣ ወይ ከዳዮዱ ኩርባ ስድስት ያህል ነጥቦችን ወስደው እኩል በተከፈለ የግራፍ ወረቀት ላይ እንደገና ይሳሉት። ያን ጊዜ 0.6 ቮልትና 0.9 ሚሊ አምፒር ያገኛሉ።

አንድ አባል፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ከምንጩ ቮልት 0.7 ቀንሶ ለሬዚስተሩ ማካፈል አይበቃም?

ሌላ አባል፦ ለ5 ቮልቱ ይበቃል። ለ1.5 ቮልቱ ግን 0.8 ይልዎታል፤ ምንጩ 0.6 ቮልት ቢሆን ደግሞ ከረንቱ ከዜሮ በታች ነው ሊልዎ ነው።

የመጀመሪያው አባል፦ ለዚያማ በኮምፒውተር ማስላት ይቻላል።

መልስ፦ ይቻላል። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ፦ ሬዚስተሩን 2 ኪሎ ኦም ባደርገው የዳዮዱ መስመር እንዴት ይለወጣል?

መልስ፦ «የዳዮዱ መስመር» የሚባል ነገር የለም ብያለሁ! የ5 ቮልቱ ጫፍ ባለበት ይቆያል፣ የላይኛው ወደ 2.5 ሚሊ አምፒር ይወርዳል። ከረንቱ በግማሽ ያህል ሲቀንስ የዳዮዱ ቮልቴጅ የሚቀንሰው በጥቂት አሥር ሚሊ ቮልት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሬዚስተሩን ወደ 1 ኪሎ ኦም መልሼ ምንጩን 9 ቮልት ባደርገውስ?

መልስ፦ ተዳፋቱ ሳይለወጥ መስመሩ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ጫፎቹ 9 ቮልትና 9 ሚሊ አምፒር ናቸው፤ ቀሪውን ያስምሩት።