የውሻ አንጎልና የሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ በምስል ሲመረመር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ ከምሥራቅና ከምዕራብ ጎጃም፣ ከአዊና ከባሕር ዳር የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣ ከተማሪዎችና ከአርቢዎች የመጡ ናቸው። የተመሳሰሉት አንድ ላይ ተጠቃለዋል።

ከባሕር ዳር፣ ተማሪ፦ ፈሳሹ ከየት ተነሥቶ የት ይገባል? በምስል ላይስ በምን እንለየዋለን?

አብዛኛው የሚመነጨው በአንጎል ጓዳዎች ውስጥ ካሉት የደም ሥር ጉንጉኖች ነው። ውሻ በደቂቃ 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ያመነጫል፤ በሰዓት 3 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ከሁለቱ የጎን ጓዳዎች ወደ ሦስተኛው፣ ከዚያ በጠባቧ ቦይ ወደ አራተኛው ይወርድና በሁለት የጎን ቀዳዳዎች አንጎሉንና ሕብለ ሰረሰሩን ወደከበበው ክፍተት ይወጣል። ሰው መሐል ላይ ሌላ ቀዳዳ አለው፤ ውሻ ግን ያችኛዋ የለችውም። የሰው መጽሐፍ ይዞ የውሻ ምስል የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቲ1ና ቲ2 የኤምአርአይ አነሳስ ዓይነቶች ናቸው፤ በቲ2 ላይ ፈሳሹ ነጭ፣ በቲ1 ላይ ጥቁር ነው። ፍሌር የሚባለው ሌላው አነሳስ የነጩን ፈሳሽ ድምቀት አጥፍቶ የታመመውን ሥጋ ነጭ አድርጎ ይተዋል። በሲቲ ስካን ከ0 እስከ 15 ሀውንስፊልድ (የሲቲ የጥግግት መለኪያ) ይለካል፤ ትኩስ ደም ከ50 በላይ ስለሚወጣ አይምታታም።

ከደብረ ማርቆስ፣ የክሊኒክ ባለሙያ፦ ለሰው የተገዛ ኤምአርአይ ላይ ውሻ ለማንሳት ብንስማማ ምን እናዘጋጅ?

የሰው ጭንቅላት ኮይል (ምልክቱን የሚቀበለው የማሽኑ ክፍል) ለውሻ ይሰፋል፤ የጉልበት ኮይል ይሻላል። ውሻው በደረቱ ይተኛ፣ አገጩ በስፖንጅ ይደገፍ፣ አፍንጫውና ጅራቱ በአንድ መሥመር ይሁኑ። ጭንቅላቱ ትንሽ ከዞረ የግራና የቀኝ ጓዳ በአንድ የምስል ቁራጭ ላይ አይገናኙም፤ ያልታመመው አንጎል የተዛባ ይመስላል። የቁራጩ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር፣ ለትንሽ ውሻ 2 ይሁን። የሰውን 5 ሚሊ ሜትር እንዳለ ከተዉት ጠባቧ ቦይ ጨርሳ ትጠፋለች። ከጎን በሚታይ ቲ2 ጀምሩ፤ ጓዳዎቹን፣ ንዑስ አንጎሉንና የአንገቱን ሕብለ ሰረሰር በአንድ እይታ ያሳያል። ከዚያ አግድም ቲ2፣ ፍሌርና ቲ1 ይነሡ። በመጨረሻ ጋዶሊኒየም የተባለው ኮንትራስት (ምስል የሚያደምቅ መድኃኒት) በኪሎ 0.1 ሚሊ ሞል ተሰጥቶ ቲ1 ይደገማል።

ከምስሉ ይልቅ የሚከብደው ማደንዘዣው ነው። ውሻው ለአንድ ሰዓት ያህል መንቀሳቀስ የለበትም። በየክሊኒኩ የለመድነው ዛይላዚን ውሻን ያስመልሳል፤ ማስመለስ ደግሞ የጭንቅላት ውስጥ ግፊትን ይጨምራል። ኬታሚን ይህን ግፊት ይጨምራል የሚለው የድሮ ማስጠንቀቂያ ዛሬ ለዘብ ብሏል፤ ሳይወጣ የቀረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ዛሬም ያው ጠላት ነው። ሲጠራቀም የአንጎል ደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግፊቱም ያሻቅባል። ስለዚህ የአየር ቱቦ ገብቶ በሚወጣው ትንፋሽ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይያዝ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ከፍ ያለ ስለሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ደንዝዞ ያለ ኦክስጅን የተተወ ውሻ ሌላ ቦታ ከሚሆነው ፈጥኖ ይጠቁራል። ሲሊንደሩ የብረት ከሆነ ክፍሉ ውስጥ አይገባም፤ ማግኔቱ እንደ ጥይት ይወረውረዋል። የውሻው ሰንሰለትም በር ላይ ይፈታ።

ከቡሬ፦ ፍሌር ላይ ፈሳሹ ሳይጠፋ ነጭ ሆኖ ቀረ። ማጅራት ገትር ልንል ነበር።

ቆዩ። ውሻው መቶ በመቶ ኦክስጅን ሲተነፍስ ከቆየ፣ በፈሳሹ ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ብቻውን ፍሌርን ያነጣል። ሪፖርት ከመጻፋችሁ በፊት የማደንዘዣውን ወረቀት ተመልከቱ። እውነተኛ ብግነት ከሆነ ኮንትራስት ከተሰጠ በኋላ የአንጎሉ ሽፋንም ይደምቃል። በተቃራኒው በአራተኛው ጓዳ ውስጥ ቲ2 ላይ የምትታይ ጥቁር ነጠብጣብ ብዙ ጊዜ ዕጢ ሳትሆን ፈሳሹ በፍጥነት ሲያልፍ የምትፈጠር ባዶ ምልክት ናት።

ከእንጅባራ፦ አንዱ ጓዳ ከሌላው ሰፋ ካለ በሽታ ነው?

ብቻውን አይደለም። ጤነኛ ውሾችም ጓዳቸው አይተካከልም። የጓዳው ቁመት ከአንጎሉ ቁመት ጋር ሲነጻጸር እስከ 14 በመቶ ደህና፣ ከ15 እስከ 25 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ተብሎ ይያዛል። ቁጥሩ ከምልክቱ ጋር ካልተስማማ ግን ምልክቱን እመኑ። እርግብግቢቱ ያልተዘጋ ቡችላ ከሆነ ይህን በተራ አልትራሳውንድ መለካት ይቻላል፤ ኤምአርአይ ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም።

ከባሕር ዳር፦ ፈሳሹ ሲንቀሳቀስ ማየት ይቻላል?

ይቻላል። ፌዝ ኮንትራስት የሚባለው ኤምአርአይ ከልብ ምት ጋር ተገጣጥሞ ይነሣል፤ ፈሳሹን ወዲያና ወዲህ የሚገፋው በዋናነት የልብ ምት ነውና። ወሳኙ ማሽኑ ላይ የሚሞላው የፍጥነት ጣሪያ ነው። ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ ጀምሩ። ጣሪያው ካነሰ ፈጣኑ ፈሳሽ ወደ ኋላ የሚፈስ መስሎ ይገለበጣል፤ ከበዛ ደግሞ እንቅስቃሴው በጫጫታ ይዋጣል። ይህ ዘዴ በብዛት የተጠናው በካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓንየል ላይ ነው። የእነዚህ ውሾች የጭንቅላት ኋላ ክፍል ስለሚጠብ ንዑስ አንጎሉ ወደ አንገት ይገፋል፣ ፈሳሹም መንገድ ሲያጣ ሕብለ ሰረሰሩ ውስጥ ኪስ ይሠራል።

ከፍኖተ ሰላም፦ እኛ ዘንድ ያለው ራጅ ብቻ ነው። ምንም አይረዳም?

ይረዳል፤ ማየሎግራፊ አለ፤ በሕብለ ሰረሰሩ ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ኮንትራስት ተወግቶ ራጅ የሚነሣበት ዘዴ ነው። ኮንትራስቱ፣ አዮሄክሶል 240 ወይም 300፣ የሰውነት ሙቀት እስኪይዝ ይሞቅ፤ በአምስተኛውና በስድስተኛው የወገብ አከርካሪ መካከል በኪሎ 0.3 ሚሊ ሊትር በቀስታ ይገባል። ሙሉ አከርካሪውን ለማየት እስከ 0.45 ይደርሳል። ኮንትራስቱ የሚሠራው ነጭ መሥመር ከውጭ ከተገፋ የተንሸራተተ የአከርካሪ ዲስክ፣ በሁለቱም በኩል ሳስቶ ከቀጠነ የሕብለ ሰረሰሩ እብጠት ይጠረጠራል። ሁለት ነገር ይገድላል ወይም ያንቀጠቅጣል። የመጀመሪያው ለኩላሊት የተሠራ ኮንትራስት፣ ለምሳሌ ዩሮግራፊን፣ ቦታው አይደለም፤ ጠርሙሱን ሁለት ሰው ያንብበው። ሁለተኛው ኮንትራስቱ ወደ አንጎል ሲወጣ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ነው። ጭንቅላቱ ከፍ ብሎ ይቆይ፣ ዲያዜፓም በኪሎ 0.5 ሚሊ ግራም በስሪንጅ ተቀድቶ ይጠብቅ።

ከዳንግላ፦ ፈሳሹን በመርፌ መውሰድ ካልቀረ ምስል ለምን ያስፈልጋል?

ግፊቱ የናረ አንጎል ከታች ቀዳዳ ሲከፈትለት ወደዚያው ይንሸራተታል፤ ትንፋሽም በዚያው ይቆማል። ምስሉ የሚቀድመው ለዚህ ነው። ዕጢ፣ የተገፋ መሐል መሥመር፣ ወደ አንገት የወረደ ንዑስ አንጎል ከታየ መርፌው ይቅር። ደህና ከሆነ ውሻው በጎኑ ይተኛ፣ አንገቱ ወደ ደረቱ ይታጠፍ፣ አፍንጫው ከጠረጴዛው ጋር ትይዩ ይሁን። እዚህ ላይ የአየር ቱቦው እንዳይታጠፍ አንድ ሰው ትንፋሹን ብቻ ይከታተል። 22 ቁጥር፣ 3.8 ሴንቲ ሜትር የአከርካሪ መርፌ ከኋለኛው የራስ ቅል ጉብታና ከመጀመሪያው የአንገት አጥንት ክንፎች መካከል በቀጥታ ይገባል። በየጥቂት ሚሊ ሜትሩ ውስጠኛው ሽቦ እየተነሣ ይታያል። ፈሳሹ ራሱ ይንጠብ፤ በስሪንጅ አይሳብ። በኪሎ ከ0.2 ሚሊ ሊትር አይለፍ፤ ለ15 ኪሎ ውሻ 3 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ደም ከመጣ መርፌው ይለወጥ።

ፕሮቲኑ ትንሽ ስለሆነ ሴሎቹ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ መፈራረስ ይጀምራሉ። ከዳንግላ ባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ናሙናው ሲደርስ የሚቆጠር ሴል አይተርፍም። ሁለት ቱቦ ያዙ፤ በአንዱ ላይ የውሻውን ሴረም (የደሙን ውኃማ ክፍል) 10 በመቶ ጨምራችሁ በበረዶ ላኩ፣ ፕሮቲን የሚለካው ግን ካልተነካው ነው። ከአንገት በተወሰደ ፈሳሽ ነጭ ሴል ከ5 በታች በማይክሮ ሊትር መሆን አለበት።

ከሞጣ አካባቢ፣ በግ አርቢ፦ ዶክተር፣ በጎቼን አዙሪት ይዟቸዋል። ውሻውም አንጎሉ ውስጥ አለበት ይሉኛል፤ አንቱ እንዴት ያዩታል?

አባቴ፣ በውሻው ያለው ትል ነው፤ እሱም አንጀቱ ውስጥ ነው። ትሉ ከአንጀቱ ሆኖ እንቁላሉን በኩሱ ይጥላል፤ በጓ ከሣሩ ጋር ስትበላው በአንጎሏ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። ያ ከረጢት በኤምአርአይ ቢነሣ ልክ እንደ አንጎል ፈሳሹ ነጭ ሆኖ ይታያል። ለውሻዎ ፕራዚኳንቴል በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ይሰጠው፣ የታረደች በግ ጭንቅላትም አይጣልለት።

ከደብረ ማርቆስ፦ ክትባቱ የማይታወቅ ውሻ ጠባዩ ተለውጦ፣ ለሃጩ እየወረደ፣ መንጋጋው ወድቆ መጣ። ለምስል እንላከው?

አይላክ። ይህ የእብድ ውሻ በሽታ ነው ብላችሁ ጀምሩ። የምስልም ሆነ የፈሳሽ ውጤት በሽታው የለም ለማለት አያስችልም፤ የሚረጋገጠው ከሞተ በኋላ ከአንጎሉ በሚወሰድ ናሙና ነው። ማደንዘዣ ሰጪው አፉን ይከፍታል፣ ቱቦ ያስገባል፣ ለሃጩን ይነካል፤ ያን ሰው ለምስል ብላችሁ አታጋልጡት። ሰው ነክሶ ከሆነና ታስሮ መጠበቅ የሚቻል ከሆነ 10 ቀን ይታይ። የተነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ይጠብ፣ የውሻውን ውጤት ሳይጠብቅ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ይሂድ።