«የካንሰር ሴል አልታየም» ማለት ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ የ61 ዓመቱ አባቴ ሕመም ሳይሰማቸው ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፤ ሽንታቸው ጠቆረ፤ ገላቸውን ያሳክካቸው ጀመር። ጎረቤት «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ሥር አጠጣቸው። አልሻላቸው ሲል አዲስ አበባ ወሰድናቸው፤ የሐሞት ቱቧቸው ጠብቦ ስለተገኘ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ) ስቴንት፣ ማለትም ጥበቱን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ ገባላቸው፤ በብሩሽም ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ «የካንሰር ሴል አልታየም» ይላል። ቤተሰቡ በግ አረደ። ሐኪሙ ግን «እንደገና እንየው» አለ። ምን ፈልጎ ነው? አባቴ ዕድሜ ልካቸውን አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጥሬ ዓሣ መብላታቸውስ አምጥቶት ይሆን? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ በጉ ይሁን፤ የአባት ዓይን ሲጠራ ማየት ያስደስታል። የጠራው ግን ስቴንቱ ሐሞቱን ስላሳለፈው ነው፤ ቱቦውን ያጠበበው ነገር አሁንም እዚያው አለ። ሐኪሙ ልክ ነው።

እኔ የምውለው ማይክሮስኮፕ ላይ ነው። «አልታየም» ብለን ስንጽፍ፣ በደረሰን ስላይድ (ናሙናው በተቀባበት መስታወት) ላይ አላየንም ማለታችን ነው። የብሩሽ ምርመራ ካንሰር አለ ካለ የሚሳሳተው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። የለም ሲል ግን በሽታው ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን ሊስት ይችላል። ይህ የሆነው በዕጢው ጠባይ ነው፤ በቱቦው ግድግዳ ውስጥ እንደ ጠባሳ እየጠነከረ ይሄዳል፣ ብሩሹ ደግሞ የሚፍቀው ላይ ላዩን ነው። ስቴንቱም ቱቦውን ስለሚቆጠቁጠው ጤነኛው ሴል ተለውጦ ያደናግረናል።

የሰው ጥፋትም አለ። አንድ ጊዜ በአልኮል ሳይነከር የደረቀ ስላይድ መጣልኝ፤ ሴሎቹ አብጠውና ደብዝዘው ምኑን ከምኑ ልለየው! አብሮት የመጣው ወረቀት ላይ የተጻፈው «ቢጫ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር። ቱቦው የት ላይ እንደጠበበ፣ ስቴንት ይኑር አይኑር የሚል የለም። የብሩሹን ጫፍ ቆርጦ ማቆያው ፈሳሽ ውስጥ መጨመር እንኳ ብዙ ሴል ያተርፋል።

ስለዚህ ሁለተኛው ምርመራ ሲደረግ ብሩሹ ብቻውን እንዳይሆን፣ ቁራጭ ሥጋም በመቆንጠጫ ይወሰድ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ሁለቱ ሲደመሩ የሚያመልጠው ያንሳል። በሠለጠኑ ላቦራቶሪዎች ፊሽ የሚባል ምርመራ አለ፤ በሚያበራ ቀለም 3ኛን፣ 7ኛንና 17ኛን ክሮሞዞም (በሴል ውስጥ ያለ የዘር ተሸካሚ) እየቆጠረ፣ መልኩ ጤነኛ የሚመስለውን ሴል በትርፍ ክሮሞዞሙ ያጋልጠዋል። ሲኤ 19-9 የተባለውን የደም ምርመራ ግን ብቻውን አትመኑት፤ ሐሞት ሲታገድም ይጨምራል። አይጂጂ4 የተባለው በደም ውስጥ ያለ ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ ይታይላቸው፤ ካንሰር የሚመስል፣ በመድኃኒት የሚመለስ ጥበት አለና።

ዓሣውን በተመለከተ፣ ከጥሬ ዓሣ ወደ ሰው ገብተው የሐሞት ቱቦ ካንሰር የሚያመጡት የጉበት ትሎች የሚታወቁት እንደ ታይላንድ፣ ላኦስና ቻይና ባሉ አገሮች ነው። አባትዎን በዚህ አትውቀሷቸው።

ብርድ ብርድ ብሏቸው ካተኮሳቸው ወይም ቢጫው ከተመለሰ ግን ስቴንቱ ተደፍኖ ይሆናል። ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷቸው።