«ስኳሬ ወርዷል፤ ኪኒኑን ልተወው?»

በስኳር ሕመም ክትትል ክፍል ለዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ። መድኃኒት ስለማቋረጥ ከጠየቃችሁኝ ጥቂቶቹን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ስኳሬ ተለክቶ 110 ሆነ። ምንም አያመኝም። ኪኒኑን ብተወውስ?

መልስ፦ 110 የሆነልዎት ኪኒኑን ስለሚወስዱ ነው። የለመድነው ወባ ሲይዘን መድኃኒቱን ጨርሰን መዳንን ነው፤ ስኳር ግን እንደዚያ አይደለም። ከፍ ብሎ ለዓመታት ሲቆይ፣ ሳያሳምም ዓይንን፣ ኩላሊትንና የእግር ነርቮችን ይጎዳል። የሦስት ወር አማካይ ስኳርዎ ጥሩ ሆኖ ከቆየ፣ መጠኑን የሚቀንሰው ሐኪምዎ ነው።

ጥያቄ፦ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ኪኒን ሆዴን ስላወከኝ በሳምንቱ ጣልኩት።

መልስ፦ በባዶ ሆድ ይወስዱት ነበር? ከምግብ ጋር ይውሰዱት። ብዙ ጊዜ በ500 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ቀስ በቀስ ከፍ ሲል ሆድ ይለምደዋል። ካልለመደው ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ሌላ አማራጭ አለ።

ጥያቄ፦ እናቴ «መድኃኒቱ ኩላሊት ይጨርሳል» ብለው አቁመዋል።

መልስ፦ ኩላሊትን የሚጎዳው ያልተቆጣጠሩት ስኳርና የደም ግፊት ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሜትፎርሚን ይቀነስለታል ወይም ይቆምለታል፤ ጎረቤት ይህን ያይና ጥፋቱን በመድኃኒቱ ላይ ያሳብባል። ወሬው የሚነሣው ከዚያ ይመስለኛል። እናትዎን አይቆጧቸው፤ የኩላሊት ምርመራ ያሠሩላቸውና ውጤቱን ከሐኪሙ አፍ ይስሙ።

ጥያቄ፦ አባቴ በጾም ወራት መድኃኒታቸውን ይደብቃሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አንድ አባት ትዝ አሉኝ። በፌስታል የቋጠሩትን ኪኒን ጠረጴዛዬ ላይ ሲዘረግፉት፣ የሁለት ወሩ እንዳለ ነበር። ቀስ ብዬ ስጠይቃቸው ነገሩን አወጡት። በዐቢይ ጾም ግሊቤንክላሚድ የተባለውን ሌላ የስኳር ኪኒን ጠዋት ውጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ይቆዩ ነበር። አንድ ቀን ቅዳሴ ላይ አላባቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ጉልበታቸው ከዳቸው። «መድኃኒቱ ሊገድለኝ ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው! ይህ ኪኒን ያለ ምግብ ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች ያወርዳል። እኛ ግን «ለምን አልወሰዱም?» እያልን ስንቆጣቸው፣ ምን ሰዓት እንደሚበሉ የጠየቃቸው አልነበረም። ሐኪሙ ሰዓቱንና መጠኑን አስተካከለላቸው። አባትዎን ጾሙ ሳይገባ ይዘዋቸው ይምጡ፤ ለረመዳንም እንዲሁ ነው።

ጥያቄ፦ መድኃኒቱ ስለተወደደብኝ አንዱን ኪኒን ለሁለት ቀን እከፍለዋለሁ።

መልስ፦ ይህን ለሐኪምዎ መንገር አያሳፍርም። ረከስ ያለ መድኃኒት ሊያዝልዎት ይችላል። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መታቀፍ መቻልዎንም በቀበሌዎ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ኢንሱሊን ይወጋል። ጠበል ገብቶ መርፌውን ካቆመ ሦስት ቀኑ ነው። ያስመልሰዋል።

መልስ፦ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዱት። የእርሱ ሰውነት ኢንሱሊን አያመነጭም፤ ማስመለስ፣ ውኃ ጥም፣ ፈጣን ትንፋሽ በደሙ ውስጥ አሲድ የመጠራቀሙ ምልክቶች ናቸው፤ ይህ በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ሊነጥቅ ይችላል። እምነቱን አትንኩበት። አቡነ ጳውሎስም በዘመናቸው ለኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር። ይህን መንገድ ላይ ንገሩት፤ አሁን መኪና ፈልጉ።